«ድገም» የማይባልበት ሬዲዮ

ያልሰማነውን ሰው «ድገምልኝ» እንለዋለን። መድፍ በሚታዘዝበት ሬዲዮ ላይ ግን ይህ ቃል ለጨዋታ አይነሣም። በአሜሪካ ሠራዊት የመድፈኞች ቋንቋ «ድገም» ማለት «ቅድም የመታኸውን ቦታ በዚያው ልክ እንደገና ምታው» ማለት ነው። ነገሩ ያልተሰማው ሰው ሌላ ቃል ይፈልጋል፤ «እንደገና ተናገር» ይላል እንጂ ያቺን ቃል አይነካትም። ለእኛ ይህን ማስረዳት ብዙም አያስቸግርም። የሰፈር ጠብ ላይ ከዳር ቆሞ «ድገመው!» የሚል ሰው ንግግር እንዲደገምለት አለመፈለጉን ሁሉም ያውቃል።

ይህን ቋንቋ ተምሮ፣ ተፈትኖና ፈቃድ ተሰጥቶት የሚናገር ባለሙያ አለ። አሜሪካኖቹ በምሕፃረ ቃል «ጄታክ» ይሉታል። ቦታው ከእግረኛው ጋር ግንባር ላይ ነው። መሣሪያው ካርታ፣ መነጽር፣ የሌዘር ርቀት መለኪያና ሬዲዮ ነው። የመጣለት አብራሪ ከእሱ ፈቃድ ውጪ ቦምቡን አይለቅም። ፈቃዱን የሚሰጥባት አጭር ቃል አለች፤ ከእሷ በፊት ያለው ሁሉ ዝግጅት ነው። ጥቃቱን ለማስቆም ግን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ አደጋ ያየ ማንም ሰው «አቁም» ሊል ይችላል።

ዋናው ራስ ምታት ሰማዩ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው። 43 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የ155 ሚሊሜትር መድፍ ጥይት ወደ ዒላማው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሺህ ሜትሮችን ከፍ ብሎ ነው የሚወርደው። ጀቱም የሚመጣው በዚያው አየር ውስጥ ነው። እንግዲህ «ጀቱ ሲመጣ መድፉ ዝም ይበል» የሚል ሰው ይኖራል። መድፉ ዝም ካለ ግን አንገቱን ደፍቶ የነበረው የጠላት ፀረ አውሮፕላን ተኳሽ ቀና ይላል፤ ከመድፉ ጥይት የዳነው አብራሪ ለጠላት ተኩስ ይጋለጣል። ስለዚህ ሁለቱን እያሠሩ መለየት ነው ብልሃቱ። አንዳንዴ በቦታ ይለያሉ፤ ከመንገዱ ወዲህ ለመድፍ፣ ከመንገዱ ወዲያ ለጀት። አንዳንዴ በከፍታ፣ አንዳንዴም በደቂቃ፤ የመጨረሻው ጥይት ወድቆ ጭሱ ሳይበተን ጀቱ እንዲደርስ ሰዓት ይገጥማሉ።

ለአብራሪው የሚነገረው መልእክት ዘጠኝ መስመር አለው፤ ስሙም ያው «ዘጠኝ መስመር» ነው። ከየት ተነሥቶ፣ በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚበር ይጀምርና የዒላማውን ከፍታ፣ ምንነትና ቦታ፣ በምን ምልክት እንደሚለይ፣ የወገን ጦር የት እንዳለ፣ በመጨረሻም በየት በኩል እንደሚወጣ ይነግረዋል። አብራሪው የዒላማውን ከፍታና ቦታ፣ እንዲሁም የተጣለበትን ገደብ መልሶ ማንበብ ግዴታው ነው። አሰልቺ ሥርዓት ይመስላል። የሥርዓቱን ዋጋ የሚያውቀው ግን ያለ ሥርዓቱ የሆነውን ያየ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1944 ኖርማንዲ ውስጥ የአሜሪካው ጄኔራል ብራድሌይ የጀርመንን መስመር በከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሊያስበጥስ አቀደ። እሱ የጠበቀው አውሮፕላኖቹ ከሴን ሎ ወደ ፔሪዬ የሚወስደውን መንገድ ተከትለው፣ ከወገን ጦር ጎን ለጎን እንዲበሩ ነበር። አየር ኃይሉ ግን በወገን ጦር አናት ላይ አቋርጦ መጣ። ያ ሁሉ አውሮፕላን በጠባቡ መንገድ በአጭር ጊዜ ሊያልፍ አይችልም የሚል የራሱ ምክንያት ነበረው። በመጀመሪያው ቀን 25 አሜሪካውያን በራሳቸው ቦምብ ሞቱ። በማግስቱ ጥቃቱ ተደገመ (እዚህ ላይ ቃሉ በሁለቱም ትርጉሙ ይሠራል)፤ ነፋሱ ጭሱንና አቧራውን ወደ ወገን መስመር ገፋው፤ 111 ሞቱ፣ 490 ቆሰሉ። ከሟቾቹ አንዱ ሌተና ጄኔራል ሌስሊ ማክኔር ነበር። ሁለቱ ወገኖች ስለ አቅጣጫው ተስማምተናል ብለው ተለያይተዋል፤ አንዱ ያለውን ሌላው መልሶ አላነበበለትም።

መልሶ ማንበብም ቢሆን ሁሉን አያድንም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2001 ከካንዳሃር በስተሰሜን አንድ የአየር ተቆጣጣሪ የቦታ መለኪያውን ባትሪ ድንጋይ ቀየረ። መሣሪያው ሲነሣ የሚያሳየው የዒላማውን ሳይሆን የራሱን ቦታ ነበር። ቁጥሩ ለቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተላለፈ፤ 2,000 ፓውንድ የሚመዝነው ቦምብ በተነገረው ቁጥር ላይ በትክክል ወደቀ። ሦስት የአሜሪካ ወታደሮችና በርካታ አፍጋኖች ሞቱ። አጠገብ የነበረው ሐሚድ ካርዛይ ቀላል ጉዳት ደረሰበት፤ ያን ዕለት ቦን ላይ በተፈረመው ስምምነት የአፍጋኒስታን ጊዜያዊ መሪ የሆነውም እሱ ነው። ያ ቁጥር ቃል በቃል ተመልሶ ቢነበብ ኖሮ እንኳ ልክ ነው ይባል ነበር። ቁጥሩን ከካርታው ጋር የሚያስተያይ ሁለተኛ ዓይን ነው የጎደለው።

ወገን ለዒላማው በጣም ሲቀርብ የሚነገር ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ፍቺው «አደጋው ቅርብ ነው» ማለት ነው። ለመድፍና ለሞርታር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ልክ 600 ሜትር ነው። ለአውሮፕላን ቦምብ ደግሞ የወገን ወታደር ከሺህ አንድ የመጎዳት ዕድል የሚጀምርበት ርቀት ይሰላል። ከዚያ በታች መምታት ክልክል አይደለም። ነገር ግን መሬት ላይ ያለው አዛዥ የስሙን መነሻ ፊደላት በሬዲዮ መስጠት አለበት። አብራሪው ይመዘግባቸዋል። ይህ ከሥርዓቱ ሁሉ የሚገርመኝ ነው። ያ ሁሉ ሒሳብ ተሠርቶ ሲያበቃ ሰንጠረዡ ኃላፊነት አይወስድም፤ በስሙ የሚጠየቅ ሰው ይፈለጋል።

የ600 ሜትሩ ልክ ዜሮ የሆነበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሪያ ውስጥ ፖርክ ቾፕ የተባለውን ኮረብታ የያዘው የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃም የተመደበው በዚሁ ክፍለ ጦር ሥር ነው። ጸሐፊው ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል ስለዚያ ዓመት ጸደይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያውያኑን ውጊያም ዘግቧል። ኮረብታው ሲጠቃ አስቀድሞ የተለካ የመድፍ አጥር ዙሪያውን ይወርድ ነበር። ጠላት አጥሩን አልፎ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የራስን ምሽግ አናት ማስመታት ይመጣል፤ ጥይቱ መሬት ሳይነካ አየር ላይ የሚፈነዳ ነው። ደጅ የቆመውን ፍንጣሪው ያገኘዋል፤ ከግንድና ከአሸዋ ከረጢት ጣሪያ ሥር ያለው ይተርፋል። ስለዚህ መኮንኑ ሬዲዮውን ከማንሣቱ በፊት የሚቆጥረው ጠላትን ሳይሆን ከጣሪያ ሥር የገቡትን የራሱን ሰዎች ነው።