ከዕፅዋት የሚገኝ የጭንቀት ማስታገሻ እንዴት ይፈተሻል?

ከሥር፣ ከቅጠልና ከአበባ የሚዘጋጅ መድኃኒት በየሀገሩ ለዘመናት ሲያገለግል ኖሯል። ይሁን እንጂ አንድ ዕፅ «ጭንቀትን ያስታግሣል» መባሉና ማስታገሡ በፈተና መረጋገጡ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ፈተናው ዕፁን በትክክል በመለየት ይጀምራል። ቅጠሉ ወይም ሥሩ ደርቆ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል። ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ንጥረ ነገር በልክ ተመዝኖ ለአይጦች ይሰጣል።

ከመፈተኛዎቹ አንዱ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ነው። ሁለቱ ክንዶቹ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጥ በተፈጥሮዋ ገላጣ ቦታን ስለምትፈራ በግድግዳው መካከል መቆየትን ትመርጣለች። ዕፁን የወሰደችው በገላጣው ክንድ ረዘም ያለ ጊዜ ካሳለፈች ፍርሃቷ ቀንሷል ማለት ነው። ውጤቱ ዕፁን ካልወሰዱና ዳያዜፓም ከተሰጣቸው አይጦች ጋር ይነጻጸራል። የፈዘዘችውን ከተረጋጋችው ለመለየትም አጠቃላይ እንቅስቃሴዋ ይመዘገባል።

በአይጥ ላይ የታየ ውጤት ግን ለሰው ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ካቫ የተባለው ዕፅ ማሳያ ነው። በቫኑዋቱ፣ በፊጂና በቶንጋ ደሴቶች ሕዝቡ ሥሩን በውኃ አዘጋጅቶ ይጠጣል። በአውሮፓ ደግሞ ለጭንቀት በእንክብል መልክ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ጉበትን ይጎዳል በሚል ስጋት ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ አስወጣችው፤ ውሳኔው በ2014 በፍርድ ቤት ተሽሯል።

ካቫ በትንንሽ ጥናቶች ተስፋ አሳይቶ ነበር። በኋላ በአውስትራሊያ 171 የጭንቀት ሕሙማን ለ16 ሳምንታት ተፈተኑ። ገሚሶቹ ካቫ፣ ገሚሶቹ መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ እንክብል ወሰዱ። አምሳያው ያስፈለገው ጭንቀት በራሱ ጊዜ ስለሚቀልና መድኃኒት ወስጃለሁ ብሎ ማመን ብቻውን ስለሚያረጋጋ ነው። ካቫ ከአምሳያው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ የጉበት ምርመራ መዛባትም በካቫ ወሳጆች ላይ በዝቶ ታየ።

በቤት የሚቀመም ዕፅም የንጥረ ነገሩ መጠን እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ተወሰደው ክፍል ይለያያል። ስለዚህ ዕፅ የሚጠቀም ሰው ለጤና ባለሙያ ሊነግር ይገባል፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በራሱ ውሳኔ ሊያቋርጥ አይገባም። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።