ቀለማቸው የተበላሸ የቆዩ ፎቶዎችን በጥቁርና ነጭ ማዳን



ለምረቃ ልዩ እትማችን ከቀደምት ተመራቂዎች ብዙ ፎቶዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ በአሮጌ ሞባይልና በትንንሽ ዲጂታል ካሜራ የተነሡ ናቸው። የኢፍጣር ምሽት ፎቶዎች በአምፖል ብርሃን ቢጫ ሆነዋል፤ ጥላው ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ተበትኖባቸዋል። «አይሆኑም» ብሎ መጣል ቀላል ነው። ነገር ግን አንዳንዶቹ ከእነዚያ ቀናት የቀሩ ብቸኛ ምስሎች ናቸው። ስለዚህ ወደ ጥቁርና ነጭ እንዴት እንደምንቀይራቸው እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሚሠራ እንይ። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ብርሃንንና ቀለምን ለያይቶ ያስቀምጣል። ብርሃኑን በዝርዝር ይይዛል፤ ቀለሙን ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ስፋትና በግማሽ ቁመት ብቻ ነው የሚይዘው። በመሆኑም የተበላሸው ቀለም ሲወገድ ከሥሩ ያለው ምስል ከጠበቅነው በላይ ጥርት ብሎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ቀለሙን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በተለመደው ስሌት ኮምፒውተሩ ግራጫውን የሚሠራው ከአረንጓዴ 59፣ ከቀይ 30፣ ከሰማያዊ 11 በመቶ ገደማ ወስዶ ነው። በዚህ ስሌት ቀይ ሒጃብና ከኋላው ያለው አረንጓዴ ዛፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑና ሊቀላቀሉ ይችላሉ።

መፍትሔው የእያንዳንዱን ቀለም ድርሻ ራሳችን መወሰን ነው። በኮምፒውተር ጊምፕ ውስጥ ያለው «ሞኖ ሚክሰር»፣ በሞባይል ደግሞ የስናፕሲድ ጥቁርና ነጭ ክፍል ይህን ያስችላሉ። በአምፖል ብርሃን ለተነሣ ፊት ቀዩን ከፍ፣ ሰማያዊውን ዝቅ እናደርጋለን። የአምፖል ብርሃን ሰማያዊ ስለሚያንሰው ነጠብጣቡ የሚበዛው እዚያ ነው። ቀዩ ሲጨምር የጨለመው ፊት ይፈካል። መጽሔታችን በፎቶ ኮፒ ስለሚባዛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ያለዚያ የወንድማችን ፊት ወረቀቱ ላይ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አራት ነገሮችን አደራ እንላለን፦

1. ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ ቅጂው ላይ ሥሩ። ቀለሙ ጠፍቶ ከተቀመጠ በኋላ አይመለስም።

2. በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ አለዚያ ይጨመቃል። 1600 በ1200 ፒክስል የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት የሚታተመው በ13 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መቀነስ የለበትም።

3. ጭረትና ቡናማ ቀለም ጨምራችሁ አታስረጁት። በ2000 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶ የአያቶቻችን ዘመን ሊመስል አይገባም። ዓመቱንና ቦታውን ጻፉበት።

4. በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች አስፈቅዱ፤ በተለይ እኅቶችን። ትናንት ለጓደኛ ተብሎ የተነሣ ፎቶ ዛሬ ለሁሉም እንዲታይ ላይፈልጉ ይችላሉ።

እጃችሁ ላይ «አይረባም» ያላችሁት ፎቶ ካለ ከማጥፋታችሁ በፊት አምጡልን፤ አብረን እንሞክረዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም!