ያውቁ ኖሯል? «ሀ» በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ
የዛሬ ኮምፒውተር ከ0 እና ከ1 ሌላ አሃዝ የለውም። ምክንያቱም በውስጡ ያለው ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትራንዚስተር፣ አሥር የኤሌክትሪክ መጠኖችን ሳያምታታ ከሚለይ ይልቅ ኃይል አለ ወይስ የለም የሚለውን ቢለይ ይቀለዋል። (እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ተሠርቶ ያለቀው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ግን እንደኛው በአሥር ነበር የሚቆጥረው።) ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ላይብኒዝ ደግሞ በ0 እና በ1 ብቻ የሚሠራውን የሁለትዮሽ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1703 በጽሑፍ ሲያብራራ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ገና አልታሰበም።

በአማርኛ ስንጽፍስ? ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ለ«ሀ» የሰጠው ቁጥር 4608 ነው፤ በሁለትዮሽ 0001001000000000። «ሁ» 4609 ስለሆነ መጨረሻው 001 ይሆናል፤ «ሂ» 010፣ «ሃ» 011። አሁን ወደ «ላ» እና ወደ «ማ» ይሂዱ፤ ሁለቱም የሚያልቁት በ011 ነው! የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ፊደሉ ስንተኛ ቤት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ግዕዝ 000፣ ራብዕ 011፣ ሳብዕ 110። ስምንተኛዋ ቦታ፣ 111፣ በአብዛኛው እንደ «ሏ» እና «ሟ» ላሉት ዲቃሎች ተሰጥታለች። ፊደል ገበታውን እንዲህ የደረደሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

በዚህ መንገድ መጻፍ ዋጋም አለው ታዲያ። አንድ የስልክ አጭር መልእክት የሚይዘው 1120 ቢት (ማለትም 0 ወይም 1 የሆኑ አሃዞች) ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ፊደል ይገባል፤ የእኛ 16 ቢት ስለሚፈጅ 70 ላይ ይሞላል። በእርግጥ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚሸከም ኪሳራው በመጠኑ ይካካሳል። ቢሆንም ረዘም ያለ የእንቁጣጣሽ ምኞት እንደ ሁለት ወይም ሦስት መልእክት የሚቆጠረው በዚሁ ሰበብ ነው።