የጅዳ ሴት ጠበቆች እና የፈቃዱ ወሰን

በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ጅዳ ለዘመናት ወደ መካ የሚያቀኑ የሐጅ ተጓዦች መግቢያ ከመሆኗ ባሻገር፣ የሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች ወደ ጥብቅና ሙያ የገቡባት ከተማ ናት። በከተማዋ የሚገኘው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን በሕግ ያስመርቅ የነበረ ቢሆንም፣ ተመራቂዎቹ የጥብቅና ፈቃድ ስለማይሰጣቸው ከሕግ አማካሪነት አልፈው በጠበቃነት ችሎት ለመቆም አይችሉም ነበር። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት አርዋ አል ሁጀይሊ ለዓመታት ሲያመለክቱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2013 በተለማማጅ ጠበቃነት ተመዘገቡ፤ ከወራት በኋላም የፍትሕ ሚኒስቴር ለአራት ሴቶች ሙሉ ፈቃድ ሰጠ። ከአራቱ አንዷ በያን አል ዘህራን እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በጅዳ የአገሪቱን የመጀመሪያ የሴቶች የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ።

የፈቃዱ ፋይዳ የሚታወቀው የሳዑዲ ሴት ከሕግ ጋር የነበራት ግንኙነት ሲታይ ነው። አንዲት ሴት ለማግባትም ሆነ ከአገር ለመውጣት የወሊይ፣ ማለትም የአባት፣ የባል ወይም የሌላ ወንድ ዘመድ ፈቃድ ያስፈልጋት ስለነበር፣ ክርክሩ ከዚያው ዘመድ ጋር በሚሆንበት ጊዜ አቤቱታዋ ገና ከጅምሩ ይደናቀፍ ነበር። የጅዳዋ ሳማር በደዊ ከአባታቸው ጋር በገቡት ክርክር «ባለመታዘዝ» ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ለወራት መታሰራቸው ለዚህ አስረጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማሻሻያ ግን ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሴቶች ያለ ወሊይ ፈቃድ ፓስፖርት አውጥተው እንዲጓዙ አስችሏል።

በጅዳና በመካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ችግር ግን ከዚህ ይለያል። የእነዚህ ሴቶች የመኖሪያ ፈቃድ፣ በተለምዶ ኢቃማ የሚባለው፣ ከከፊሉ፣ ማለትም ስፖንሰር ከሆነው አሠሪ ጋር የተሳሰረ ከመሆኑም በላይ፣ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የተለየ ደንብ በቀን ቢያንስ የ9 ሰዓት ዕረፍት፣ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና ወርኃዊ ደመወዝ ደንግጎ የነበረ ቢሆንም፣ ከቤት ለመውጣት የማትችል ሠራተኛ መብቷን ለማስከበር ወደ ጠበቃ የምትደርስበት መንገድ ጠባብ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተውና ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለድሀ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ሲጀምር፣ የጅዳዎቹ ጠበቆች ግን የግል ቢሮ በመክፈት ነው የተነሡት። የግል ቢሮ ክፍያ ለሚችል ደንበኛ ችሎቱን ይከፍታል፤ ደመወዟ ለተያዘባት የቤት ሠራተኛ ግን ነፃ ድጋፍና እርሷን የሚያካትት የሠራተኛ ሕግ ካልተጨመሩ የጠበቃው ፈቃድ ብቻውን መብት አያስከብርላትም።