ስም ብቻ አይበቃም፦ የሠራተኛ ማጣሪያ ሶፍትዌር እና ስሞቻችን

ቀጣሪ የሚቀጥረውን ሰው የኋላ ታሪክ ማጣራት አለበት? ጥያቄው አገር ቤት አዲስ አይደለም። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ተያዥ አምጣ ይባላል፤ የአሻራ ማስረጃ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። አሁን ግን ማጣራቱ ወደ ሶፍትዌር እየገባ ነው። ሶፍትዌር ደግሞ የእኛ ስም ሲገጥመው በቀላሉ ይሳሳታል።

በኦስሎ ደቡብ ጫፍ፣ ፕሪንስዳል የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሥራ አገኘ እንበል። ከሕፃናት ጋር ስለሚሠራ የኖርዌይ ሕግ የፖሊስ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። አሠራሩን ልብ በሉ፦ ለፖሊስ የሚያመለክተው ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ቀጣሪው የሚሰጠው ማስረጃው ለምን እንደተፈለገ የሚገልጽ ማረጋገጫ ነው። ሰውየው የሚለየው ደግሞ 11 አሃዝ ባለው የግል ቁጥሩ ነው። የመጨረሻዎቹ 2 አሃዞች ከፊተኞቹ ተሰልተው ስለሚገኙ አንድ አሃዝ ተሳስቶ ቢገባ ሲስተሙ ያውቀዋል። ሕጉ በማይጠቅሰው ሥራ ላይ ግን ቀጣሪው ይህን ማስረጃ መጠየቅ አይችልም።

ጣጣው የሚመጣው በስም ብቻ ሲፈለግ ነው። ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሆሄ ነው። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ አንድ ስም ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉም እንዲሁ ይለያያሉ። ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ መመለስ ለፍለጋ ይጠቅማል። ነገር ግን መረቡ በሰፋ ቁጥር ጉዳዩ የማይመለከተው ሞክሼም አብሮ ይገባል።

ሁለተኛው የአባት ስም ነው። የውጭ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። አንድ ሰው በሁለት ሰነድ ሁለት ሰው መስሎ ይታያል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው። ሳይቀየር 01.01.1985 ተብሎ ከገባ ሰውየው ከ7 ዓመት በላይ አረጀ ማለት ነው፤ ከትምህርት ማስረጃውም ጋር አይገጥምም።

ማጣሪያው «ተገኝቷል» ብሎ ቀይ ምልክት ሲያሳይ ቀጣሪው ላይጠይቅ ይችላል፤ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ አመልካቹም ለምን እንደቀረ ሳያውቅ ይቀራል። ኖርዌይ ከ2018 ጀምሮ የምትሠራበት የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ሰዎች የተሳሳተ መረጃቸውን የማሳረም መብት ይሰጣቸዋል፤ ከባድ ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይወሰንባቸውም ይከላከላል። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥርም ሰውን ከሞክሼው ለመለየት ያስችላል።

እንግዲህ መልሱ፦ ይጣራ፤ ግን ሥራው በሚጠይቀው ልክ፣ ሰውየው እያወቀ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ፦

• የስም መመሳሰል ለፍለጋ እንጂ ለውሳኔ አይዋል።
• የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ይቀመጥ።
• ከቀኑ ጎን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይመዝገብ።
• ውጤቱን ከቀጣሪው በፊት አመልካቹ አይቶ «ይህ እኔ አይደለሁም» የሚልበት ቁልፍ ይኑር።

ተያዥ የሚሆን ሰው ቢያንስ የሚይዝለትን ሰው በመልኩ ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ፊደሉን ብቻ ነው።