«ምች ነው» ከማለትዎ በፊት

እሑድ ጠዋት ነበር። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ለቡና ተቀምጣለች። ቶናውን ልትጠጣ ስታነሳ ሲኒው ከቀኝ እጇ ሾልኮ ወደቀ። «ምነው?» ስንላት ልትመልስ ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከንፈሯ በቀኝ በኩል ወርዶ አፏ ወደ ግራ ተስቧል። ለቡና የመጡት ጎረቤታችን አንድ ጊዜ አይተዋት «ምች ነው የመታት» አሉ። ማንም አልተከራከረም። ዳማከሴ ተቀጠፈ፣ ታሸ፣ ፊቷና ግንባሯ ተቀባ፤ ላብ እንዲያወጣት ብርድ ልብስ ደርበን አስተኛናት። በቢሮ ስብሰባ ላይ ቁጥርና ማስረጃ ካላየሁ አላምንም የምለው እኔ፣ ዳማከሴውን ያሸሁት በእነዚህ እጆቼ ነው።

ሆስፒታል የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሲኒው ከወደቀ 7 ሰዓት ሆኖታል። ምች አልነበረም፤ ስትሮክ ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ አንድ ወረቀት ገልብጠው በእስክርቢቶ የአንጎል ሥዕል ሣሉልን። ያን ሥዕል ከሰባት ሰዓት በፊት ባውቀው ኖሮ ብዬ ስላሰብኩ፣ እርስዎም ቡናው እስኪፈላ ድረስ አብረውኝ እንዲያዩት ነው ይህን የምጽፈው።

አንጎላችን 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኃይል ግን 20 በመቶውን ይወስዳል። በእኛ መሥሪያ ቤት 2 በመቶ ሠራተኛ ያለው ክፍል ከበጀቱ አንድ አምስተኛውን ቢጠይቅ ፋይናንስ ያብዳል! የሚገርመው ደግሞ መጋዘን የሌለው መሆኑ ነው። ጡንቻና ጉበት ለክፉ ቀን ስንቅ ያስቀምጣሉ፤ አንጎል ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ኦክስጅንና ስኳር በየሰከንዱ ከደም ሊደርሰው ይገባል። ደሙን የሚያመጡለት በአንገት በኩል የሚወጡ 4 የደም ሥሮች ናቸው። ጣትዎን ከማንቁርትዎ ጎን በቀስታ ቢያሳርፉ የአንዱን ትርታ ይሰማሉ።

ስትሮክ ማለት ከእነዚህ ሥሮች ወይም ከቅርንጫፎቻቸው አንዱ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካላገኘ በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ። በአንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ ስላሉ ብዙ ተርፎ ሊመስልዎ ይችላል። ጥያቄው ግን የሞቱት የት ቦታ ያሉት ናቸው የሚለው ነው።

ሐኪሟ የሣሉት ሥዕል ሦስት ክፍል ነበረው። ትልቁ አንጎል ከላይ ነው፤ እንደ ዋልነት ፍሬ የተሸበሸበ፣ ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ። የግራው ግማሽ የሰውነታችንን ቀኝ ጎን ያዝዛል፤ የቀኙ ግማሽ ግራውን። የትእዛዝ መስመሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ ይሻገራሉ። ስለዚህ የእማዬ ቀኝ እጅ ሲዝል ጉዳቱ ያለው በግራ በኩል ነው።

ቋንቋዋስ? በአብዛኛው ሰው ንግግር የሚቀናበረው በዚያው በግራ ግማሽ ነው። ይህ መታወቅ የጀመረው በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ነው። ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ሰው የሚናገረውን የሚረዳ፣ ራሱ ግን «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም ማለት የማይችል በሽተኛ ነበረው። ሰውየው ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ፤ የተጎዳው ከግራ ግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ቦታው እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። የእማዬ «ታን» ደግሞ «እሺ» ነበር። ውኃ ስትፈልግ እሺ፣ ሲያማት እሺ፣ ስትናደድም እሺ። የምንላትን ግን ትሰማለች፣ ይገባታል። በሦስተኛው ቀን ጸሎት ስናደርስ አቡነ ዘበሰማያትን ከእኛ ጋር እስከ መጨረሻው አለችው። ሁላችንም ደነገጥን። ሐኪሟ አልደነገጡም፤ በቃል የተያዘ ጸሎትና ዜማ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመፍጠር በተለየ መንገድ ስለሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይተርፋል።

(በነገራችን ላይ «የቀኝ አንጎል ሰው ፈጣሪ ነው፣ የግራ አንጎል ሰው ሒሳበኛ ነው» የሚለው የሥልጠና ወሬ ልክ አይደለም። እኔም በአንድ ገለጻ ላይ አስገብቼው ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚለውም እንዲሁ።)

ከኋላ፣ ከማጅራት በላይ፣ ትንሹ አንጎል አለ። በመጠን ትንሽ ነው እንጂ ከነርቭ ሴሎቻችን አብዛኞቹ የሚገኙት እዚያ ነው። ሚዛን ይጠብቃል፣ እንቅስቃሴን ያለዝባል። ሊጥ ከምጣዱ ዳር ጀምሮ እየዞረ መሐል እስኪገባ የእናት እጅ አይንቀጠቀጥም፤ የትንሹ አንጎል ሥራ ነው። ሦስተኛው የአንጎል ግንድ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና መዋጥን የሚቆጣጠር። ከእሱ በታች ሕብለ ሰረሰር ይቀጥላል፤ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ይወርዳል። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከሕብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው መላ ሰውነታችንን ያዳርሳሉ። የጋለ ምጣድ ሲነኩ እጅዎ የሚሸሸው ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ነው፤ ሕብለ ሰረሰር የአንጎልን ፈቃድ ሳይጠብቅ ይወስናል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ምርመራ እንመለስ። እትዬ ፈጽሞ ከመሬት ተነስተው አይደለም የተናገሩት። ብዙ ጊዜ ምች የምንለው የፊት መጣመም ከ12ቱ ጥንድ ነርቮች 7ኛው፣ የፊት ነርቭ፣ ከአንጎል ግንድ ከወጣ በኋላ ሲያብጥ የሚመጣ ነው። ያኔ የፊት ግማሽ በሙሉ ይዝላል፤ ግንባር አይሸበሸብም፣ ዓይንም አይከደንም። ግንባር ግን ትእዛዝ የሚያገኘው ከሁለቱም የአንጎል ግማሾች ስለሆነ፣ በስትሮክ አንዱ ቢጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ይደርስለታል። እማዬ በዚያ ጠዋት ግንባሯን አሳምራ ትቋጥር ነበር።

ይህን የነገርኩዎ ግን እቤት ሆነው እንዲመረምሩ አይደለም። የፊት ነርቭ እብጠትም ቢሆን በ3 ቀን ውስጥ መድኃኒት ቢጀመርለት የተሻለ ይድናል። ሁለቱም መንገድ ወደ ሐኪም ነው።

እርስዎ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው። ፈገግ ይበሉ ይበሏቸው፤ አንዱ ጎን ይወርዳል? ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ዓይናቸውን ይጨፍኑ፤ አንዱ ይወርዳል? አንድ ዓረፍተ ነገር ይድገሙ፤ ይንተባተባሉ ወይም የማይገናኝ ያወራሉ? አንዱም ቢታይ ሰዓቱን ይያዙና ይነሱ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ከመስጠት በፊትም ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ስለዚህ በአቅራቢያዎ ይህን የሚያሟላው የትኛው እንደሆነ ሰው ሳይታመም ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁ። በመንገድ ላይ ውኃም ምግብም አይስጡ፤ መዋጥ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አስፕሪንም አይስጡ፤ የተዘጋ ይሁን የፈነዳ ከውጭ አይታወቅም።

ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ የተጠየቅነው «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ተብለን ነበር። አራት ልጆች አራት ዓይነት መልስ ሰጠን። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ደም ግፊት ነበር፤ ለስትሮክ ዋናው ምክንያት እሱ ነውና። እማዬ «ደህና ነኝ እኮ» ብላ ክኒኑን ካቆመች ሦስት ወር እንዳለፋት ያወቅነው ያን ዕለት ቦርሳዋን ስንፈትሽ ነው።

አሁን 8 ወር ሆኗታል። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ቀን ትሄዳለች። የሞቱት ሴሎች አልተመለሱም፤ የቀሩት ግን በልምምድ ብዛት አዲስ መስመር እየዘረጉ ነው። በቀኝ እግሯ ትረግጣለች፣ እጇ ገና ነው። ባለፈው እሑድ ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነበርኩ። ሲኒዋን በግራ እጇ ተቀብላ ፉት አለችና አየችኝ። እሺ ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከንፈሯን ሰብስባ፣ ታግላ፣ «ቀጠነ» አለች።

እውነቷን ነው፣ ቀጥኖ ነበር።