ለመሆኑ የእርስዎ ተወካይ ማን ናቸው?

ባለፈው እሁድ እዚሁ ሲኤምሲ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ አንዱ፣ «ለመሆኑ የእኛ የፓርላማ ተወካይ ማን ናቸው?» ሲል ጠየቀ። መሐንዲስም፣ የባንክ ባለሙያም፣ ጡረታ የወጣ ሐኪምም ነበረን። የመለሰ ግን የለም። ሕግ የተማርኩት እኔም አቀረቀርኩ። ከተሜው እንዲህ ከሆነ የገጠሩ መራጭ እንዴት ይሁን?

እስቲ ሕጉን እንየው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ ሲሆን ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። መራጩ አመኔታ ካጣበት ደግሞ በሕግ መሠረት ውክልናውን ሊያጣ ይችላል። ልብ በሉ፤ ከተገዥነቱ ዝርዝር ውስጥ ፓርቲ የሚባል የለም።

ይህን የሞከሩ አንድ ሰው አውቃለሁ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባዔ የመሩ፣ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር የነበሩ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው ከትውልድ ቦታቸው ከደምቢ ዶሎ ተመረጡ፤ በዚያ ምርጫ በግል ያሸነፉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው መራጮቻቸውን አነጋገሩ፤ ያዩትንም ጽፈው ለሕዝብ አቀረቡ። አስተዳደሩ ከቀበሌ ወርዶ እስከ ጥቂት አባወራዎች ቡድን ድረስ መዘርጋቱን ነገሩን። በተወካዩና በገበሬው መካከል የቆመው ርቀት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ሌላው ችግር የቁጥር ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝባችን 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለ547 የምርጫ ክልሎች ሲካፈል ለአንድ ተወካይ መቶ ሺህ ሰው አይሞላም። ዛሬ ሕዝቡ ከመቶ ሚሊዮን አልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ክልሎቹ ያው 547 ነበሩ። የአንዱ ተወካይ ሸክም በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

«አገራችን ሰፊ ናት» የሚል ሰበብ አይሠራም። በአውስትራሊያ ዱራክ የሚባለው የገጠር ምርጫ ክልል ብቻውን ከኢትዮጵያ ይሰፋል። ሆኖም እዚያ የምርጫ ክልሎች ወሰን ቢዘገይ በየሰባት ዓመቱ እንደገና ይታያል። ተወካዩም በምርጫ ክልሉ ውስጥ በመንግሥት ወጪ የሚተዳደር ቢሮ አለው። መራጩ በሩን ያውቀዋል።

በእኔ እምነት ለእኛም የሚበጀን ይኸው ነው፦ ወሰኑ በሕዝብ ቁጥር እንዲታይና ተወካዩ ከአስተዳደሩ በር የተለየ የራሱ በር እንዲኖረው። የማያውቁትን ተወካይ ደግሞ አመኔታ አጣሁበት ብሎ ማንሳት አይቻልም። እኔ ከእሁዱ ኀፍረት በኋላ የተወካዬን ስም ጠይቄ አውቄያለሁ። እርስዎስ?